«ፓብሎን መግደል»፤ የአንድ ሰው አደንና የፖሊስ ሥራ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መጽሐፍ «ፓብሎን መግደል» ይባላል። ደራሲው ማርክ ቦውደን የፊላዴልፊያው «ኢንኳየረር» ጋዜጣ ጋዜጠኛ የነበረ አሜሪካዊ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ2001 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ኮሎምቢያዊው የኮኬይን ነጋዴ ፓብሎ ኤስኮባር እንዴት ገናና እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ታደነና በዲሴምበር 2 ቀን 1993 ዓ.ም. በሜዴሊን ከተማ በአንድ ቤት ጣራ ላይ እንዴት እንደ ተገደለ ይተርካል። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ይህን ታሪክ የሚያውቁት ከመጽሐፉ ሳይሆን በ2015 ዓ.ም. መታየት ከጀመረው «ናርኮስ» ከሚባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ፊልሙ ለመዝናኛ ይበቃል። ፖሊስ ዓለም አቀፍ የኮኬይን ንግድንና የተደራጀ ወንጀልን እንዴት እንደሚዋጋ ለማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ግን መጽሐፉ ይሻላል፤ ስለዚህ በሚያስመሰግነውም በሚያስነቅፈውም በኩል ልንመለከተው ወደድን።

የመጽሐፉ አርእስት ራሱ አንድ ፍርድ ይዟል። ፓብሎን መግደል ግብ ነው፤ ግቡ ሲደረስበት ታሪኩ ያልቃል። እኛ ግን መጽሐፉን አንብበን ከዘጋን በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረብን። ፖሊስ አንድን ስመ ጥር ወንጀለኛ ሲገድልና አንድን የወንጀለኞች ማኅበር ሲያፈርስ የሚሠራው ሥራ አንድ ነውን? በእኛ አስተያየት አንድ አይደለም። እንዲያውም በመጀመሪያው ላይ ሲቸኮል ሁለተኛው ሊበላሽ ይችላል። ቦውደን በብዙ ድካም የሰበሰበው ማስረጃ ይህንኑ ያሳያል፤ ዳሩ ግን ያሳየንን ያህል አይፈርድበትም። የነቀፌታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከምስጋናው እንጀምር። ቦውደን ፖሊሶቹን እንደ ሰው አድርጎ ማቅረብ ያውቃል። የታሪኩ ዋና ሰው ኤስኮባር ቢመስልም፣ በአእምሮአችን የሚቀረው ግን አሳዳጁ ኮሎኔል ሁጎ ማርቲኔዝ ነው። በ1989 ዓ.ም. የኮሎምቢያ መንግሥት «የፍለጋ ጓድ» የተባለ ልዩ የፖሊስ ክፍል አቋቁሞ ወደ ሜዴሊን ሲልክ፣ የከተማው ፖሊስ በጉቦና በፍርሃት የተያዘ ስለ ነበር፣ የተመረጡት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች የሌላ ክፍለ ሀገር ልጆች እንዲሆኑ ተደረገ። ነገሩ በጎ ቢሆንም ጣጣ ነበረው፤ ሰዎቹ መንገድ አያውቁም፣ አነጋገራቸውም በየሱቁ ያሳብቅባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ሠላሳው እንደ ተገደሉ ደራሲው ይነግረናል። ቀጥሎም አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን ወደ ኮሎኔሉ መጥቶ ከኤስኮባር የተላከ የስድስት ሚሊዮን ዶላር ጉቦ ሲያቀርብለት፣ ማርቲኔዝ ለአለቆቹ አስታወቀ እንጂ አልተቀበለም። የአንድ ፖሊስ የወር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ሁለተኛው የሚያስመሰግነው ነገር ስለ ስልክ ጠለፋው የሚተርከው ክፍል ነው። ኤስኮባር የሚናገረው በራዲዮ ስልክ ነበር። የራዲዮ ሞገድ በሚወጣበት ጊዜ በሦስት ልዩ ልዩ ቦታ የተተከሉ መቀበያዎች ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ ቢለኩ፣ ሦስቱ መሥመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ተናጋሪው ያለበት ቦታ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሲሣል ቀላል ሒሳብ ነው። ሜዴሊን ግን በተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሞገዱ ከተራራው ገደልና ከፎቅ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይመለሳል፣ መሣሪያውም ይሳሳታል። ከአሜሪካ የመጣው «ሴንትራ ስፓይክ» የተባለው የምስጢር የጦር ክፍል በአውሮፕላን ሆኖ ያደምጥ ነበር። ከመሬት ሆኖ በመኪና ይፈልግ ከነበረው አንዱ ግን የኮሎኔሉ ልጅ መቶ አለቃ ሁጎ ማርቲኔዝ ነው። ወጣቱ መኮንን ስንት ጊዜ በተሳሳተ ቤት ላይ ወረራ እንዳስደረገ፣ ባልንጀሮቹም እንዴት እንደ ሣቁበት፣ እርሱ ግን መሣሪያውን እየፈታ እየገጠመ ጠባዩን እንዴት እንዳጠና ቦውደን በትዕግሥት ይጽፋል። በመጨረሻው ቀን ኤስኮባር ከልጁ ጋር በስልክ ሲነጋገር ጊዜውን ስላስረዘመ፣ መቶ አለቃው በመሣሪያው እየተመራ በመንገዱ ዳር ቆሞ ቀና ቢል ሰውየውን በመስኮት አየው። የፖሊስ ሥራ አብዛኛው መጠበቅ፣ መሳሳትና እንደ ገና መለካት መሆኑን እንደዚህ ያለ ገጽ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ አብልጦ ያስተምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ብናስገባ ያለ ቦታው አይሆንም። ቦውደን ከዚህ መጽሐፍ በፊት በ1999 ዓ.ም. ያሳተመው «ብላክ ሆክ ዳውን» ስለ ጎረቤታችን ስለ ሞቃዲሾ የተጻፈ ነው። እዚያም የሚተረከው የአንድ ሰው አደን ነው፤ አሜሪካኖች ጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድን ለመያዝ ሲሉ በኦክቶበር 1993 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ወታደሮቻቸውን ያጡበት፣ የሶማሌዎቹም ሙታን በመቶ የተቆጠሩበት ጦርነት ነው። በሞቃዲሾ የዘመተው «ዴልታ ፎርስ» የተባለው ክፍል በኮሎምቢያም የፍለጋ ጓድን ያሠለጥን ነበር። በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል የሁለት ወር ልዩነት ብቻ አለ። አንደኛው አደን ከሸፈ፣ ሁለተኛው ተሳካ፤ አይዲድ በ1996 ዓ.ም. በሌላ ውጊያ ቆስሎ ሞተ፣ ሶማሊያም በሞቱ ሰላም አላገኘችም። ደራሲው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አቁሞ፣ ያልተሳካውና የተሳካው አደን ውጤታቸው ለምን ተቀራረበ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እንዴት ያለ ምዕራፍ በተገኘ ነበር! አልጠየቀም።

ወደ ነቀፌታው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ጉድለት መጽሐፉ ስለ ነጋዴው እንጂ ስለ ንግዱ የሚነግረን ጥቂት መሆኑ ነው። በዚያን ዘመን የኮካ ቅጠል በብዛት የሚለማው በፔሩና በቦሊቪያ ነበር። ቅጠሉ በነዳጅና በሌላ መድኃኒት ተዘፍዝፎ ሊጥ መሰል ነገር ይወጣዋል፤ ሊጡ በትንንሽ አውሮፕላን ወደ ኮሎምቢያ ይመጣል፤ እዚያም በጫካ ውስጥ ባሉ ማጣሪያዎች ነጭ ዱቄት ይሆንና ወደ አሜሪካ ይጫናል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ገበሬ፣ አብራሪ፣ ኬሚካል አቅራቢ፣ ጫኝ፣ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ገንዘብ መንዛሪ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ ጠበቃና የምክር ቤት አባል ሁሉ እየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ ይህን ሁሉ «ካርቴል» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ አንድ አለቃና አንድ የተቆለፈ ማኅበር ያለ ያስመስላል። የሜዴሊን ነጋዴዎች ግን አንዳንድ ጊዜ ጭነታቸውን የሚያጣምሩ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚገዳደሉ ሸሪኮች ነበሩ። ከሸሪኮች አንዱ ሲሞት ሌላው ድርሻውን ይወርሳል እንጂ ሱቁ አይዘጋም።

ለምሳሌ ያህል በማርች 1984 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ኮኬይን ለማጣራት ኤተር የተባለ ኬሚካል በብዙ በርሜል ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ከአገሩ በተገዙ የኤተር በርሜሎች ውስጥ የራዲዮ ማስተላለፊያ ደብቆ ጉዞአቸውን ሲከታተል፣ በርሜሎቹ በኮሎምቢያ ጫካ ውስጥ ወዳለው «ትራንኪላንዲያ» ወደሚባለው ትልቅ ማጣሪያ መሩት። በኮሎኔል ሃይሜ ራሚሬዝ የሚታዘዘው የኮሎምቢያ ፖሊስ ወርሮ ከ13 ቶን በላይ ኮኬይን አገኘ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው አልታደነም፤ የታደነው በርሜል ነው። በርሜሉ ግን ሰዎቹን፣ ማጣሪያውንና የአውሮፕላን ሜዳውን ባንድ ላይ አጋለጠ። ንግዱ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ከበቀሉ ይታወቃል፤ በኤፕሪል 30 ቀን የፍርድ ሚኒስትሩ ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ ተገደለ፣ ኮሎኔል ራሚሬዝም በ1986 ዓ.ም. ተገደለ። የአንድ ሰው አደን ብዙ ገጽ ሲይዝ የበርሜሉ ታሪክ በአጭሩ የሚታለፍ ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል እንላለን።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም «ሎስ ፔፔስ» ስለሚባሉት ነው። ስሙ በኤስኮባር የተሳደዱ ለማለት በስፓኝ ቋንቋ ከተጻፈ ሐረግ የወጣ አሕጽሮት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በወኅኒ ቤት ውስጥ ነው። ኤስኮባር በጁን 19 ቀን 1991 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ በዚያው ቀን አዲሱን ሕገ መንግሥት የሚያዘጋጀው ጉባኤ የኮሎምቢያ ዜጋ ለውጭ አገር ፍርድ ቤት ተላልፎ እንዳይሰጥ የሚከለክለውን አንቀጽ አጸደቀ። የታሰረበት «ላ ካቴድራል» የተባለው ወኅኒ ራሱ በመረጠው ኮረብታ ላይ የተሠራ ነበር፤ ወኅኒ ከማለት ቤተ መንግሥት ማለት ይቀላል። በዚያ ሆኖ ከቀድሞ ሸሪኮቹ ግብር ይቀበል ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከሸሪኮቹ ዋናዎቹን ጋሌአኖንና ሞንካዳን በሥርቆት ጠርጥሮ አስገደላቸው። መንግሥት ነገሩን ሰምቶ ወደ ሌላ ወኅኒ ሊያዛውረው ሲል በጁላይ 22 ቀን አምልጦ ሄደ። ከዚህ በኋላ የተገደሉት ሰዎች ወገኖች፣ ተቀናቃኞቹ የካሊ ከተማ ነጋዴዎች በገንዘብ፣ የካስታኞ ወንድማማቾችም በጦር መሣሪያ ተባበሩና በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ሎስ ፔፔስ ነን ብለው ተነሡ። የኤስኮባርን ዘመዶች ቤት አቃጠሉ፤ ሒሳብ ያዦቹንና ጠበቆቹን ገደሉ። ከጠበቆቹ አንዱ ከወጣት ልጁ ጋር ተገደለ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የሚገድሉትን ሰው አድራሻ ከየት አገኙት? ቦውደን ለዚህ ጥያቄ የመጽሐፉን አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶታል፤ ይህም ትልቅ ክብር ነው። ብዙ ጸሐፊ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን የምስጢር ጽሑፎች አስወጥቶ፣ በፍለጋ ጓድና በገዳዮቹ መካከል የወሬ መለዋወጥ እንደ ነበረ የሚጠቁሙትን ማስረጃዎች በዝርዝር ያቀርባል። የኮሎምቢያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጉስታቮ ደ ግሬፍ በፍለጋ ጓድ ባለ ሥልጣኖች ላይ ማስረጃ እንዳለው ለአሜሪካው አምባሳደር ለሞሪስ በዝቢ ነግሮታል፤ አምባሳደሩም በ1993 ዓ.ም. ይህንኑ ወደ ዋሽንግተን አስታውቋል። ኮሎኔል ማርቲኔዝ በበኩሉ ግንኙነት አልነበረም ብሏል። አደኑ ግን አልቆመም።

የምንነቅፈው ከዚህ በኋላ ያለውን የደራሲውን አቋም ነው። ቦውደን ሎስ ፔፔስን የሚያያቸው ለአደኑ ባደረጉት አስተዋጽኦ ነው። የኤስኮባር ወዳጆች በሞቱ ቁጥር መሸሸጊያው ይጠብበታል፤ ብቻውን በቀረ ቁጥር ወደ ቤተ ሰቡ ስልክ ይደውላል፤ በደወለ ቁጥር ይሰማል። ይህ እንደ አደን ስልት እውነት ነው፤ አሳዛኝ ቢሆንም ሠርቷል። እኛ የምንለው ግን ነገሩ በስልት ብቻ አይለካም። ፖሊስ ወሬውን ለገዳይ ሲሰጥ፣ ወይም ሌላው ሲሰጥ አይቶ ዝም ሲል፣ ለአንደኛው የወንጀለኛ ማኅበር በሁለተኛው ላይ ጉልበት አበደረ ማለት ነው። ብድሩም ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ለፖሊስ አይደለም። የተገደለው ሒሳብ ያዥ ቢያዝና ቢጠየቅ ኖሮ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም እንደ ተቀመጠ፣ የትኛው ዳኛና የትኛው እንደራሴ እንደ ተከፈለው በተናገረ ነበር። ሬሳ ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ሎስ ፔፔስ የኤስኮባርን ሰዎች ሲገድሉ የኤስኮባርን መዝገብም አብረው ያቃጥሉ ነበር፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ የራሳቸው ስም ስለሚገኝበት ይህ ሳያስደስታቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ የሚቀርብልን ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም በንቀት ማለፍ አይገባም። በኖቬምበር 27 ቀን 1989 ዓ.ም. በኤስኮባር ሰዎች ቦምብ የአቪያንካ አውሮፕላን በአየር ላይ ፈንድቶ የተሳፈሩት 107 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ በምድር ላይም ሦስት ሰዎች ተገደሉ። ከሦስት ወር በፊት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተገድሏል። በሜዴሊን ለእያንዳንዱ የተገደለ ፖሊስ ዋጋ ተቆርጦ በመቶ የሚቆጠሩ ፖሊሶች ወድቀዋል፤ በ1991 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ብቻ የተገደሉት ሰዎች ከስድስት ሺህ በላይ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ዳኛ ፊት እስኪያቀርቡት ድረስ ስንት ዳኛ ይሙት? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጨካኝ አይደለም። እኛም ኤስኮባር ሳይታደን ይተው አላልንም። መንግሥት እንዲህ ያለውን የጦርነት አለቃ ማሳደድ ግዴታው ነበር፤ ከሞቱም በኋላ በአውሮፕላንና በገበያ ቦታ ቦምብ ማፈንዳቱ ቆመ። ነገር ግን ይህ ያበቃው ጦርነቱ ነው፤ ንግዱ አይደለም። ቦውደን ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ቃል «ድል» ሲላቸው አንባቢውን ያሳስታል። እውነት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች በቦጎታ የነበረውን የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የጆ ቶፍትን ጥርጣሬ ያቀርብልናል። ጥርጣሬው ግን በመጽሐፉ ጫፍ ላይ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ የተተረከውን አይመረምርም።

ቀርቶ የነበረው ሌላው ዓይነት የፖሊስ ሥራ ምን ይመስላል? ምሳሌው ከዚያው ከኮሎምቢያ ይገኛል። ኤስኮባር በ1982 ዓ.ም. የተለዋጭ እንደራሴነት ወንበር አግኝቶ ምክር ቤት ገብቶ ነበር። ከዚያ ያስወጣው ጥይት አይደለም፤ «ኤል ኤስፔክታዶር» የተባለው ጋዜጣ በ1983 ዓ.ም. ከመዛግብቱ ውስጥ አውጥቶ እንደ ገና ያተመው ስለ 1976ቱ እስራቱ የሚናገር የቆየ ወሬ ነው። (የጋዜጣው አዘጋጅ ጊየርሞ ካኖ በ1986 ዓ.ም. ሕይወቱን ከፈለ።) የካሊዎቹ ነጋዴዎች ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ሮድሪጌዝ ኦሬሁዌላ የሚባሉት ወንድማማቾች እንደ ኤስኮባር ቦምብ ከማፈንዳት ይልቅ ቼክ መጻፍ ይመርጡ ነበር። ፖሊስ የሒሳብ ሹማቸውን ጽሕፈት ቤት ሲፈትሽ መዝገቡ ተገኘ፤ በመዝገቡም የእንደራሴዎች ስም ተገኘ። «ክስ 8000» ተብሎ የታወቀው ነገር ከዚህ ወጥቶ በ1995 ዓ.ም. የምርጫውን ዘመቻ ገንዘብ ያዥ፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትሩን ወኅኒ አስገባ፤ ፕሬዚዳንቱ ኤርኔስቶ ሳምፐርም እስከ ምክር ቤት ምርመራ ደርሶ በ1996 ዓ.ም. ነፃ ተባለ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1995 ዓ.ም. ሳይገደሉ ተያዙ። በኋላም ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡና በ2006 ዓ.ም. በማያሚ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነው የሠላሳ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብትም እንዲወረስ ተስማሙ። አንድ ኮሎኔል በሸለቆ ውስጥ ካካሄደው ጦርነት ይልቅ አንድ የሒሳብ መዝገብ የመንግሥቱን ሕመም አብልጦ ገለጠ። የዚህ ታሪክ ፊልም ግን ብዙ ተመልካች አያገኝም፤ ሰው ወረቀት ሲያገላብጥ ማየት ማን ይወዳል?

በኢጣልያ ፓሌርሞ ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ የጀመረው መንገድ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። እርሱ የመረመረው በኮኬይን ፈንታ የሄሮይን ንግድ ነበር፤ ነገር ግን ዕፁ ዱካውን ቢያጠፋ ገንዘቡ ዱካ ይተዋል ብሎ የባንኮችን የውጭ ምንዛሪና የቼክ መዝገብ አስመጥቶ አንድ በአንድ መረመረ። በ1982 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የማፍያ አባል መሆንን ብቻውን ወንጀል አደረገ፤ ምንጩ ያልታወቀውንም ሀብታቸውን ለመውረስ አስቻለ። በ1986 ዓ.ም. የተጀመረውና ከአራት መቶ በላይ ተከሳሾች የቀረቡበት ታላቅ ችሎት በዚህ ላይ የቆመ ነው። ፋልኮኔ በሜይ 23 ቀን፣ ባልንጀራው ፓኦሎ ቦርሴሊኖ በጁላይ 19 ቀን 1992 ዓ.ም. በቦምብ ተገደሉ፤ ኤስኮባር ከላ ካቴድራል ያመለጠው ቦርሴሊኖ ከተገደለ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወረቀት የሚመረምር ዳኛ ከጥይት ይድናል የሚል የለም። ልዩነቱ ዳኞቹ ሲሞቱ የከሰሱበት ሕግና የሰበሰቡት ማስረጃ መቅረቱ ነው፤ ፍርዱም በበላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል። የማፍያው አለቃ ሳልቫቶሬ ሪና በጃንዋሪ 1993 ዓ.ም. ሲያዝ ወደ ችሎት ቀረበ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት አለቆችም በ2006 እና በ2023 ዓ.ም. እንደዚሁ በሕይወት ተይዘዋል።

ከኤስኮባር ሞት በኋላ በኮሎምቢያ የሆነውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር በኮካ የተሸፈነው መሬት አርባ ሺህ ሄክታር ያህል ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከ160,000 ሄክታር አለፈ፤ ይህም በእኛ በአሮጌው አቆጣጠር አራት ሺህ ጋሻ ግድም ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለምሳሌ ፔሩ ሊጡን የሚጭኑትን አውሮፕላኖች መምታት ስለ ጀመረች ነጋዴዎቹ ቅጠሉን በማጣሪያቸው አጠገብ ማልማት መረጡ። በ2023 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የለካው 253,000 ሄክታር ነው። በዚያው ዓመት በዓለም ሁሉ ሊመረት ይችላል ተብሎ የተገመተው ኮኬይን 3,708 ቶን፣ በየአገሩ የተያዘው ደግሞ 2,275 ቶን ነው። አንባቢ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሶ ቀሪው ይህ ነው እንዳይል እናስጠነቅቃለን፤ የተመረተው የተገመተው በንጹሑ ሲሆን የተያዘው የሚመዘነው ከነቅልቅሉ ነው። ፖሊስ የያዘው ቶን በበዛ ቁጥር ሥራው ተሳካ ማለትም አይቻልም፤ የሚያልፈው ሲበዛ የሚያዘውም ይበዛልና። ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከሳኦ ፓውሎ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው አውሮፕላን ኮኬይን በሆዳቸው ውጠው ወይም በሻንጣ ደብቀው የሚጓዙ ተላላኪዎች በቦሌ መያዛቸውን በየጊዜው እንሰማለን። የተያዘው ተላላኪ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውን ባለቤት ስም አያውቅም። ባለቤቱም ያልደረሰውን ጭነት ከኪሣራ ዓምድ ጽፎ ሌላ ሰው ይልካል።

መቶ አለቃ ማርቲኔዝ በመኪና እየዞረ የሠራውን ሥራ በ2020 ዓ.ም. የፈረንሳይና የኔዘርላንድ ፖሊስ በሌላ መልክ ሠሩት። «ኤንክሮቻት» የተባለውን ወንጀለኞች ይጠቀሙበት የነበረውን የምስጢር ስልክ መሥመር ሰብረው በመግባት መልእክቱን አነበቡ። ዩሮፖል በጁን 2023 ዓ.ም. እንዳስታወቀው ከዚህ የተነሣ 6,558 ሰዎች ተይዘዋል፤ የተወረሰውና የታገደው ገንዘብም ወደ 900 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ በሜዴሊን የተጠለፈው ድምፅ የተፈለገው የተናጋሪውን ቤት ለማወቅ ነበር፤ በአውሮፓ የተጠለፈው ግን ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ነው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጠበቃ ይነሣና ይህ ማስረጃ እንዴት ተገኘ ይላል። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በኤፕሪል 2024 ዓ.ም. በተሰጠው ፍርድ፣ ተከሳሹ በሚገባ አስተያየት ሊሰጥበት የማይችለው፣ ፍርዱንም ሊያጋድል የሚችል ማስረጃ ሊያዝበት እንደማይገባ ተወስኗል። ይህ ፖሊስን ያዘገየዋል። በ1993ቱ አደን ግን እንደዚህ ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃ አልነበረም፤ ጠበቆቹን ሎስ ፔፔስ ጨርሰዋቸዋልና።

መጽሐፉን ለማንበብ ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን የምንመክረው፣ ስለ ሎስ ፔፔስ የተጻፈውን ክፍል ሲያነቡ እርሳስ ይዘው፣ የማን ስም በማን አጠገብ እንደሚገኝ እየመዘገቡ እንዲያነቡ ነው። ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ሰዎች መጨረሻ መከታተል ይቻላል። ካርሎስ ካስታኞ በ1997 ዓ.ም. የኮሎምቢያን የግል ታጣቂዎች በአንድ ማኅበር አስተባብሮ መሪ ሆነ፤ ማኅበሩ በየገጠሩ የፈጸመው እልቂት በዓለም የታወቀ ነው፤ ወጪውንም አብዛኛውን የሚሸፍነው ከኮኬይን በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። «ዶን በርና» የሚባለው ዲዬጎ ሙሪዮ ደግሞ በላ ካቴድራል ነገር የተገደለው የጋሌአኖ አገልጋይ የነበረና ከሎስ ፔፔስ መሪዎች አንዱ ነው። ኤስኮባር ከሞተ በኋላ የሜዴሊንን ገዳዮችና ቀረጥ ሰብሳቢዎች በእጁ አስገባ። በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጠና በ2009 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በኮኬይን ንግድ የ31 ዓመት እስራት ተፈረደበት። «ፓብሎን መግደል» በ2001 ዓ.ም. ታትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ ሲሸጥ ሰውየው በሜዴሊን ገና ጌታ ነበር።